«የኢትዮጵያ ፍም» ስለ ተባለው ድንጋይ፤ የጋርኔት መለያና የአዱሊስ ንግድ

በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒዮስ ስለ ፍጥረት በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ መጨረሻ፥ ይኸውም በ37ኛው ክፍል፥ ስለ ከበሩ ድንጋዮች ሲናገር እንደ ፍም የሚቀሉትን ድንጋዮች ሁሉ በአንድ ስም ሰብስቦ «ካርቡንኩሉስ» ይላቸዋል፤ ትርጓሜውም «ትንሽ ፍም» እንደ ማለት ነው። ከእነዚህም መካከል የሕንድን፥ የጋራማንቴስን፥ የአላባንዳንና የኢትዮጵያን ለይቶ ይቈጥራል። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ባነበበ ጊዜ «እንግዲያውስ አገራችን በጥንት ዘመን ቀይ ዕንቍ ወደ ሮም ትልክ ነበር» ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። ድምዳሜው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃው ሲመረመር የሚጸና ሆኖ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሦስት ነገሮችን በተራ ለመመርመር ነው። አንደኛ፥ የጥንት ስሞች ስለ ድንጋዩ ምን ያህል ይነግሩናል? ሁለተኛ፥ ዛሬ ጋርኔት የምንለው ድንጋይ በምን ባሕርዩ ይታወቃል? ሦስተኛ፥ ድንጋዩ በሚገባ ከታወቀ በኋላ ስለ አክሱም መንግሥትና ስለ ወደቡ ስለ አዱሊስ ምን ሊመሰክር ይችላል? በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

የጥንት ሰዎች ድንጋይን የሚሰይሙት በመልኩ እንጂ በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር አልነበረም። ቀይ ሆኖ የሚያበራ ሁሉ ፍም ተባለ። ስለዚህ በፕሊኒዮስ «ካርቡንኩሉስ» ውስጥ ዛሬ ጋርኔት፥ ሩቢና ስፒኔል እያልን የምንለያቸው ሦስቱም ሊገኙበት ይችላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስም ይህንኑ ቀይ ድንጋይ «አንትራክስ» ይለዋል፤ ይህም ያው ከሰል ማለት ነው።

የስሙን ችግር በግልጽ ለማየት ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28ን መመልከት ይበቃል። በዚያ በአሮን የደረት ኪስ ላይ የሚደረደሩ 12 ድንጋዮች በአራት ተራ ተቈጥረዋል። በጥንቱ የግሪክ ትርጕም የሁለተኛው ተራ መጀመሪያ «አንትራክስ» ነው፤ እርሱም ቀይ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚያውቀው የ1611 የእንግሊዝኛ ትርጕም ግን በዚያው ስፍራ አረንጓዴውን መረግድ አስቀምጧል። የአንደኛውን ተራ ሦስተኛ ድንጋይ ደግሞ ግሪኩ መረግድ ሲለው እንግሊዝኛው ቀዩን ፍም ይለዋል። ሁለቱም የተረጐሙት አንዱን የዕብራይስጥ ዝርዝር ሲሆን ቀዩና አረንጓዴው ቦታ ተለዋወጡ። የግእዙም ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ የተተረጐመ ስለ ሆነ ይህ ችግር ለእኛም ሊቃውንት የቈየ ችግር ነው። እንዲህ ባለ ዝርዝር ላይ ብቻ ቆሞ «ይህ ድንጋይ ጋርኔት ነው» ማለት በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ይሆናል።

«ኢትዮጵያ» የሚለውም ስም ጥንቃቄ ይሻል። ግሪኮችና ሮማውያን በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቡትም ኖብያንና መርዌን ነው። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ፍም» ሲባል ድንጋዩ ምን እንደ ሆነም፥ አገሩ የት እንደ ሆነም በስሙ ብቻ አይታወቅም ማለት ነው።

፪. ጋርኔት ምንድን ነው?

ጋርኔት የሚለው ስም የመጣው «ግራናቱስ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን የሮማንን ፍሬ ያስታውሳል፤ በእርግጥም በድንጋይ ውስጥ ተሰክቶ ሲታይ የሮማንን ቀይ ፍሬ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጋርኔት አንድ ድንጋይ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ ስም ነው። የቤተሰቡ አባሎች ሁሉ ሲሊኬቶች ናቸው፤ ማለት የሲሊኮንና የኦክሲጅን ውሑድ ከሌሎች ብረት ነክ ንጥረ ነገሮች ጋር በአንድ ሥርዓት የተያያዘባቸው ናቸው። ሥርዓቱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው በየቦታው የሚገባው ንጥረ ነገር ነው። ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ሲገቡ ፓይሮፕ፥ ብረትና አሉሚኒየም ሲገቡ አልማንዲን፥ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም ሲገቡ ስፔሳርቲን ይባላል። ካልሲየም ያለባቸው ሦስቱ ደግሞ ግሮሱላር፥ አንድራዳይትና ኡቫሮቫይት ናቸው። ለቀይ ጌጥ የሚያገለግሉት በይበልጥ ፓይሮፕና አልማንዲን ሲሆኑ፥ በተፈጥሮ የሚገኘው ድንጋይ ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ይህ ድብልቅነት ኋላ ለታሪክ የሚሰጠውን ጥቅም በአምስተኛው ክፍል እናያለን።

የጋርኔት ዋና ዋና ባሕርያት እነዚህ ናቸው። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ6.5 እስከ 7.5 ስለ ሆነ መስተዋትን ይጭራል። ክሪስታሉ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሆነ የኩብ ሥርዓት አለው፤ ብዙ ጊዜም 12 ገጽ ያለው ሆኖ ያድጋል። ሲመታ በተወሰነ መስመር አይሰነጠቅም፤ እንደ ጠርሙስ ስብራት ጠርዙ ይጐብጣል። ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ለሁለት አይከፈልም። እፍጋቱም ከፍተኛ ነው፤ ንጹሕ ፓይሮፕ ከውሃ 3.6 እጥፍ ገደማ፥ ንጹሕ አልማንዲን 4.3 እጥፍ ገደማ ይከብዳል።

አብዛኛው ጋርኔት የሚፈጠረው በምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት በተለወጡ አለቶች ነው። የአገራችን ደጋ ግን በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተሸፈነ ነው፤ በወሎ በደላንታ ከ2008 ወዲህ የታወቀው ኦፓልም የተገኘው በዚሁ የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ውስጥ ነው። ጋርኔት የሚፈለገው ጥንታዊው ለውጥ አለት በተገለጠበት ስፍራ፥ ለምሳሌ በደቡብ በጉጂና በቦረና ምድር ነው። ስለዚህ ጋርኔት በኢትዮጵያ ምድር መኖሩ አያጠራጥርም፤ የሚያጠራጥረው በጥንት ዘመን ተቈፍሮ ይሸጥ ነበር የሚለው ነው።

፫. ቀዩን ድንጋይ ስለ መለየት

በጣሊያን ወረራ ጊዜ (1936–1941) የአራዳ ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ተዛውሮ መርካቶ ከተቋቋመ ወዲህ የአገሩ ሁሉ ዕቃ፥ አሮጌውም አዲሱም፥ የሚገናኘው በዚያ ነው። አንድ ተማሪ በሰባተኛ በኩል ሲያልፍ ቀይ ፈርጥ ያለበት አሮጌ የብር ቀለበት አግኝቶ ገዛ እንበል። ሻጩ «ዕንቍ ነው» ይለዋል፤ ጓደኛው «ጠርሙስ ነው» ይለዋል። ተማሪው ማንን ይመን?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፕሊኒዮስም በዘመኑ ቀዮቹን ድንጋዮች እንደ መለየት አስቸጋሪ ነገር እንደሌለና አንጥረኞች ከፈርጡ በታች የሚያበራ ስስ ቅጠል እያስገቡ ገዢውን እንደሚያታልሉ ጽፏል። መስተዋት ጋርኔት እየተባለ ይሸጥ እንደ ነበረም ገልጾ ሦስት መለያዎች ይሰጣል፤ መስተዋቱ ይለሰልሳል፥ ክብደቱ ይቀላል፥ በውስጡም እንደ ብር የሚያበሩ አረፋዎች ይታዩበታል። እነዚህ ሦስቱ፥ ማለት ጥንካሬ፥ እፍጋትና የውስጥ ምልክት፥ ዛሬም የምርመራ መሠረቶች ናቸው።

የጥንካሬ ፈተና ግን ድንጋዩን ስለሚያበላሽ ለቅርስ አይፈቀድም። የጋርኔት ጫፍ በሞረድ ሲፈተን ሊሰበር ይችላል፤ ታሪካዊ ዕቃ ከሆነም ጉዳቱ አይመለስም። ስለዚህ የሚሻለው በሚዛን መጀመር ነው። ፈርጡ ከቀለበቱ በባለሙያ እጅ ከወጣ በኋላ በወርቅ ሚዛን አንድ ጊዜ በአየር፥ አንድ ጊዜ በውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይመዘናል። በአየር 2.00 ግራም፥ በውሃ 1.50 ግራም ቢመዝን በውሃ ያጣው 0.50 ግራም ነው፤ 2.00 ለ0.50 ሲካፈል እፍጋቱ 4.00 ይሆናል። ተራ መስተዋት 2.5 ገደማ፥ ካርኔሊያን የተባለው ቀይ ኳርትዝ 2.6 ገደማ፥ ስፒኔል 3.6 ገደማ ስለ ሆኑ ሦስቱም ይወድቃሉ።

ነገር ግን ምርመራው እዚህ ላይ ቢቆም ተማሪው ይሳሳታል። የሩቢም እፍጋት 4.00 ነውና፤ አልማንዲን የበዛበት ጋርኔትም በዚሁ ቍጥር ላይ ይገኛል፤ እርሳስ የተጨመረበት መስተዋት እንኳ እስከዚህ ሊከብድ ይችላል። የፕሊኒዮስ «መስተዋት ይቀላል» የሚለው ሕግ በዘመኑ መስተዋት ላይ ትክክል ቢሆንም ዛሬ ሁልጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና ያስፈልጋል። ድንጋዩ በሁለት ተቃራኒ የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ሆኖ ሲዞር ሩቢ በአንድ ሙሉ ዙር አራት ጊዜ እየበራ አራት ጊዜ ይጨልማል፤ ብርሃንን ለሁለት የሚከፍል ነውና። ጋርኔትና መስተዋት ግን ባብዛኛው እንደ ጨለሙ ይቈያሉ። ከዚያም ጋርኔትን ከመስተዋት ለመለየት የብርሃን ስብረት ልክ ይታያል፤ የቀይ ጋርኔት ከ1.73 እስከ 1.81 ገደማ ሲሆን የከባዱ መስተዋት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል። በማጕያ መነጽርም መስተዋቱ ክብ አረፋ፥ አልማንዲኑ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠኑ ክሪስታሎች ሊያሳዩ ይችላሉ። በመጨረሻ ብርሃኑ በስፔክትሮስኮፕ ሲተነተን አልማንዲን በ505፥ በ527ና በ576 ናኖሜትር ላይ ሦስት ጥቁር መስመሮች ያሳያል፤ ይህም እንደ ራሱ ፊርማ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድም ፈተና ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አንዱ ምስክር የተወውን ሌላው ሲያሟላ ብቻ ፍርዱ ይጸናል። የታሪክ ተማሪ ጽሑፎችን ሲመዝን የሚከተለውም ሥርዓት ይኸው ነው።

፬. ስለ አዱሊስ የጽሑፍ ምስክሮች

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕሉስ» የተባለው የነጋዴዎች መምሪያ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ያለውን የአዱሊስን ወደብ ሲገልጽ ወደ ውጭ የሚላከው የዝሆን ጥርስ፥ የኤሊ ልብስና የአውራሪስ ቀንድ መሆኑን ይናገራል። ፕሊኒዮስም በስድስተኛው መጽሐፉ ስለ አዱሊስ ሲጽፍ የዝሆን ጥርስ፥ የአውራሪስ ቀንድ፥ የጕማሬ ቆዳ፥ የኤሊ ልብስ፥ ዝንጀሮና ባሪያ ይቈጥራል። በሁለቱም ዝርዝር ቀይ ዕንቍ የለም። እንዲያውም ፔሪፕሉስ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የመስተዋት ድንጋይ ይጠቅሳል። በአክሱም ዘመን አፈር ውስጥ ቀይ የሚያበራ ነገር ሲገኝ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ከውጭ የገባ መስተዋት ነው።

ፕሊኒዮስ «ኢትዮጵያውያን» የደበዘዙትን ቀይ ድንጋዮች 14 ቀን በኮምጣጤ እየዘፈዘፉ ለ14 ወር ያህል እንዲያበሩ ያደርጋሉ የሚል ወሬም ይነግረናል። ኮምጣጤ የጋርኔትን ውስጥ አይለውጥም፤ በላዩ የተጋገረውን ኖራና እድፍ ግን ሊያጥብ ይችላል። ወሬው እውነት ቢሆን የሚያሳየው ድንጋዩን አጽድተው የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸውን ነው፤ ከየት እንደ ቈፈሩት ወይም ከማን እንደ ገዙት ግን አይነግረንም።

ከሁሉ የሚጠቅመን ምስክር በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስጤስ ነው። ዐፄ ካሌብ በሒምያር ላይ ለመዝመት ሲዘጋጁ ኮስማስ በአዱሊስ ነበረ። እርሱ እንደ ጻፈው ኢትዮጵያውያን መረግድን ከብሌምዬስ ሰዎች ገዝተው ወደ ሕንድ ይወስዱ ነበር፤ የአዱሊስ ሰዎችም እስከ ታፕሮባኔ፥ ማለት እስከ ዛሬዪቱ ስሪ ላንካ፥ በመርከብ ይሄዱ ነበር። ስለ ደቡብ ሕንድ ወደቦች ሲናገርም ካቤር ከተባለው ወደብ «አላባንዴኖን» የሚባል ድንጋይ እንደሚወጣ ይገልጻል። ይህ ስም ፕሊኒዮስ ከጠቀሰው ከአላባንዳ ድንጋይ ጋር አንድ ሲሆን ዛሬ አልማንዲን የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። እንግዲህ በኮስማስ ምስክርነት ቀዩ ድንጋይ የሚነሣው ከሕንድ ነው፤ የአዱሊስ ነጋዴዎችም በዚያው ባሕር ላይ ነበሩ።

፭. ድንጋዩ ራሱ ሲመሰክር

በ1653 በቱርኔ ከተማ የፍራንኮች ንጉሥ የኪልዴሪክ መቃብር በተገኘ ጊዜ ወርቁ በቀይ ጋርኔት ተለብጦ ታየ። ኪልዴሪክ የሞተው በ481 ወይም በ482 ነው። በ1939 በእንግሊዝ አገር በሳተን ሁ የተቈፈረው የሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መቃብርም እንዲሁ በጋርኔት ያጌጠ ዕቃ ሰጥቷል። ይህ ሁሉ ድንጋይ ከየት መጣ? ለረጅም ጊዜ መልሱ ግምት ብቻ ነበር።

ጋርኔት ድብልቅ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የየአገሩ ጋርኔት የብረቱ፥ የማግኒዚየሙ፥ የካልሲየሙና የክሮሚየሙ መጠን ይለያያል። በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኙ ተመራማሪዎች የፕሮቶን ጨረር ወደ ድንጋዩ እየላኩ፥ ከድንጋዩ የሚመለሰውን ኤክስሬይ እየለኩ፥ ዕቃውን ሳይጐዱ በሳን ዴኒ ቤተ ክርስቲያን መቃብሮች የተገኙትን ጋርኔቶች መረመሩ። በ2002 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው አብዛኞቹ ከሕንድ የመጡ አልማንዲኖች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ከስሪ ላንካ ድንጋይ ጋር ይስማማሉ፤ በኋለኛው ዘመን የተሠሩት ትንንሾቹ ግን የቦሔሚያ ፓይሮፖች ናቸው። እንግዲህ ከስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የሕንዱ ድንጋይ እየቀረ የአውሮፓው ተተካ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ የሆነበት ዘመን ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ፋርሶች የመንን የያዙት በ570ዎቹ ነው፤ የአክሱም ገንዘብ መታተም ያቆመውም በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነው። ስለዚህ የቀይ ባሕር መንገድ መታወክና የጋርኔቱ መጥፋት አንድ ምክንያት አላቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሌሎች ደግሞ በአውሮፓ የጌጥ ልማድ ስለ ተለወጠ ነው ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እንደሚመስለው ሁለቱም ምክንያቶች አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፤ የዘመኑ መገጣጠም ብቻውን የምክንያት ማስረጃ አይሆንምና። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል። አዱሊስ በጋርኔት ታሪክ ውስጥ ስፍራ ካላት፥ እስካሁን ባለው ማስረጃ ስፍራዋ የማዕድን ምንጭነት ሳይሆን የመንገድ ጠባቂነትና የአሻጋሪነት ነው። ይህም ክብር ማነስ አይደለም፤ የሕንድን ድንጋይ ወደ ሜዲቴራኒያን በሚያደርስ ባሕር ላይ መርከብ ማሰማራት ከጕድጓድ ድንጋይ ከማውጣት የሚያንስ ሥራ አይደለም።

፮. መደምደሚያ

ይህን አስተያየት የሚያፈርስ ማስረጃ ምን ዓይነት ይሆናል? አንድ የተጠረበ ፈርጥ በአክሱም ወይም በአዱሊስ ቢገኝ አይበቃም፤ ቀለበት ከባለቤቱ ጋር ከአገር ወደ አገር ይሄዳልና። ያልተጠረበ ጥሬ ጋርኔትና የመጥረቢያ ፍርፋሪ ዘመኑ በታወቀ የአፈር ንጣፍ ውስጥ ቢገኝ፥ የንጥረ ነገሩም መጠን ከአገራችን አለት ጋር ቢስማማ፥ ያን ጊዜ የፕሊኒዮስ «የኢትዮጵያ ፍም» በእርግጥ የእኛ ነበር ለማለት ይቻላል። አዱሊስ በ1868፥ በ1906ና በ1961–62 ተቈፍራለች፤ ከ2011 ጀምሮም አዲስ ቍፋሮ ተደርጎባታል። ስለዚህ ጥያቄው መልስ የሌለው አይደለም።

በጥንቃቄ የተገኘ ድንጋይ ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት በትግራይ በይሓ አጠገብ በቤተ ሰማዕቲ የተገኘውን ቀለበት መጥቀስ ይቻላል። ቀለበቱ የወርቅ ሲሆን የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ፈርጥ አለው። ፈርጡ ተመርምሮ ካርኔሊያን መሆኑ በ2019 ታትሟል። በጥንት ሰው ዓይን እርሱም «ፍም» ሊባል በቻለ ነበር። ዛሬ ግን ድንጋዩም፥ የተገኘበት ንጣፍም ስለ ታወቀ ከአክሱምና ከሮም ግንኙነት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

በሰባተኛ ተገዛ ያልነው ቀለበት ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። በሚዛን፥ በማጣሪያና በስፔክትሮስኮፕ ተመርምሮ አልማንዲን መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ከየት እንደ ወጣ፥ ከማን ጋር እንደ ተቀበረ፥ በማን እጅ እንዳለፈ የሚነግረን የለም። ድንጋዩን አወቅነው፤ ታሪኩ ግን ከአፈሩ በወጣ ቀን ጠፍቷል። ስለዚህ ከዚህ ጥናት ሁለት የሥራ ሐሳቦች ይወጣሉ። አንደኛው፥ በአገር ውስጥ ቤተ መዘክሮች «ቀይ ዕንቍ» ወይም «ቀይ ድንጋይ» ተብለው የተመዘገቡ ፈርጦች በማይጐዳ መንገድ፥ የታሪክና የሥነ ምድር ተማሪዎች በአንድነት ሆነው ቢመረምሯቸው መልካም ነው፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማጕያ መነጽርና ሁለት የብርሃን ማጣሪያ፥ ፈርጡ ከማቀፊያው የተለየ ከሆነም አንድ ጥሩ ሚዛን ብቻ ነው። ሁለተኛው፥ አሮጌ ዕቃ ከገጠር ወደ ገበያ ሲወርድ ከመሸጡ በፊት የመጣበት አገርና የተገኘበት ሁኔታ በጽሑፍ እንዲያዝ ሻጩንም ገዢውንም ማስረዳት ያስፈልጋል። ስሙን መጠየቅ ብቻ የፕሊኒዮስን አንባቢ አሳስቶታል፤ እኛ ግን ድንጋዩንም አፈሩንም አብረን መጠየቅ እንችላለን።